ምልክት የሌለበት ሰማይ

ኤርሚያስ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቆ ሞቶ የተገኘው ንጋት ላይ፣ የግቢው ዘበኛ በር ሊከፍት ሲወጣ ነው። ከቁስቋም ዳገት ላይ ያለው ይህ ቤት ሳያልቅ የተከራየ በመሆኑ በረንዳው መከለያ የለውም። ኢንስፔክተር ጀዊሪያ ስትደርስ አስከሬኑ በዘበኛው ጋቢ ተሸፍኗል። ገለጥ አድርጋ አየችውና መልሳ ሸፈነችው። ምንም አልተሰማትም። ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንዲህ ናት፤ ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ በቃ። ባልደረቦቿ ጠንካራ ሴት ይሏታል። ጥንካሬና ድንዛዜ ለየቅል መሆናቸውን የሚነግራቸው ሰው የለም።

ፎቅ ላይ የኤርሚያስ ኮምፒውተር እንደበራ ነው። ክፍሉ እሱና ሦስት ጓደኞቹ የጠፈር ጌም የሚሠሩበት ነበር። በጌሙ ተጫዋቹ መንኮራኩር እየነዳ ያልታወቁ ፕላኔቶችን ያስሳል፤ ቀድሞ ያረፈባትንም ስም ያወጣላታል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ግራጫ ፕላኔት ትታያለች። የወጣላት ስም «በቃኝ፤ እናቴ ይቅር በይኝ» ይላል።

«ራሱን አጥፍቷላ» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን።

ጀዊሪያ ደረጃውን ወረደች። ግቢው ውስጥ የኤርሚያስ እናት ወይዘሮ ዓለሜ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አያለቅሱም።

«ልጄ» አሏት፣ «ራሱን ገደለ ካላችሁ ፍትሐት አይፈታለትም። ያለ ጸሎት አፈር ሊለብስ ነው። የኛን ሥርዓት ባትከተዪም ይሄ ይገባሻል።»

«ይገባኛል፣ እትዬ ዓለሜ። ዛሬውኑ እውነቱን እነግርዎታለሁ።»

እንዲህ ያለ ቃል ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ለምን እንደሰጠችም አልገባትም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የፕላኔቶቹን መልክ የምትሥለውን ሄርሜላን ነው። ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት እንዴት ተለያያችሁ?»

«ሲመሻሽ ሁላችንም በየተራ ተሰናብተነው ወጣን። እሱ እዚሁ ነው የሚያድረው፤ ማንም አልፈለገውም።»

«የተጣላው ሰው አለ?»

«መጣላት እንኳ... በአሰሳው ሰበብ ይጨቃጨቁ ነበር። በድሮው አሠራር ቀይ ምልክት ወደየት እንደሚሄዱ ያሳይዎታል። ይሄዳሉ፣ ይደርሳሉ፣ አለቀ። ተጫዋቾች ሰለቻቸው። ኤርሚ ‹ይሄ አሰሳ ሳይሆን ዕቃ ማድረስ ነው› ብሎ ምልክቶቹን በሙሉ ከራሱ ኮምፒውተር ላይ አጠፋቸው። አሁን ጥላውን፣ አቧራውን፣ ብርሃኑን አይተው ራስዎ መፈለግ አለብዎት።»

«ምልክቶቹን የሠራው ማን ነበር?»

«ኪሩ። ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።»

የጌሙን ድምፅ የሚያቀናብረው ዓምሃ ተራው ሲደርስ መቀመጫ አጣ፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል።

«በውርርድ ታርቀው ነበር እኮ! ኪሩ ‹ያለ ምልክት ማንም አያገኛትም› ብሎ አንዲት ፕላኔት ደመና ውስጥ ደበቀ። ኤርሚ ካገኛት ምልክቶቹ ይሰረዛሉ፤ ካቃተው ይመለሳሉ።»

«አገኛት?»

«ሳምንታት ፈለጋት። ሌሎቹን አንድ በአንድ አግኝቶ ስም አውጥቶላቸው ጨረሰ፣ እሷ ግን አልተገኘችም። ቢያገኛትማ ጩኸቱ ሸጎሌ ድረስ ይሰማ ነበር።»

ኪሩ በመጨረሻ ገባ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ የረጋ።

«የደበቅካት ፕላኔት የት እንዳለች ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ሄርሜላ ለኤርሚ ታደላለች፤ ዓምሃ ደግሞ ምሥጢር አይቋጥርም።»

«ስክሪኑ ላይ ያለችው ናት?»

«እ... አዎ። በስተመጨረሻ አገኛት ማለት ነው።»

«ስታያት ምን ተሰማህ?»

«ምንም። ደንዝዣለሁ።»

ይህን ስለምታውቀው አመነችው።

ከሰዓት በኋላ ጀዊሪያ በሄርሜላ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ «እስቲ ምልክቶቹን አጥፊና አስነጂኝ» አለቻት። ነድታ የምታውቀው ያረጀች መኪናዋን ብቻ ነው። ከዓለት ጋር ተጋጨች፣ ዞረች፣ ወደመጣችበት ተመለሰች። ፕላኔቷን ማግኘት ቀርቶ ደመናውን ለማግኘት እንኳ ፍዳዋን አየች።

«ይሄ ከኋላዬ ያለው ሰማያዊ መስመር ምንድነው?»

«የመጡበት መንገድ። ጌሙ ይመዘግበዋል።»

ጀዊሪያ መስመሯን አየችው። ልጅ የተጫወተበት ክር ይመስላል። ብድግ ብላ ወደ ኤርሚያስ ኮምፒውተር ሄደች፣ ካርታውን አስከፈተች፣ ረጅም ጊዜ ቆማ ተመለከተችው። ከዚያ ሁሉም እንዲሰበሰቡ አዘዘች፤ ለወይዘሮ ዓለሜ ራሷ ወንበር አመጣችላቸው።

«ኤርሚያስ ትናንት የተጓዘበት መንገድ ይኸው» አለች። «ይዞራል፣ ያርፋል፣ ይነሳል፣ ይመለሳል። የሚፈልግ ሰው መንገድ ነው፤ የኔም እንዲሁ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን እዩት።»

መስመሩ ከደመናው ማዶ ተነስቶ አንድም ቦታ ሳይታጠፍ ግራጫዋ ፕላኔት ላይ ያርፋል።

«ዕድል ቀንቶት ይሆናል» አለ ኪሩ።

«ሄርሜላ፣ ከዚህ ሆኖ ፕላኔቷ ትታያለች?»

«አትታይም። ደመናው ይጋርዳታል። እኔው ነኝ የሣልኩት።»

«ምልክትስ?»

«በዚህ ኮምፒውተር ላይ የለም። ኤርሚ አጥፍቶታል።»

«እንግዲህ የነዳው ሰው ሳያያትም የት እንዳለች ያውቃል ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ ያውቃል። ለማንም አልነገርኩም ያልከኝ አንተው ነህ፣ ኪሩ።»

ዓምሃ መቁነጥነጡን አቆመ።

«መሰናበቻው ለምን እዚያ ተጻፈ?» ቀጠለች ጀዊሪያ። «ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንዳለ አብሮት ወድቋል። ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተው ጌሙ ብቻ ነው፤ በጌሙ ውስጥ ደግሞ የሚጻፈው ስም ባልወጣላት ፕላኔት ላይ ነው። ሌሎቹን ኤርሚያስ ጨርሷቸዋል። ለገዳዩ የቀረችለት ይህች አንዷ ነበረች። ሌላም አለ። ሳምንታት የለፋባትን ያገኘ ልጅ ጓደኞቹን ይጠራል እንጂ በቃኝ አይልም።»

ኪሩ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። ሲናገር ድምፁ አልተቀየረም።

«ልገድለው አስቤ አልነበረም። ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ በረንዳው ላይ ቆመን ‹ውርርዱን ተወው፤ የምልክቶቹን ኮድ ዛሬ ሰርዤዋለሁ› አለኝ። የሁለት ዓመት ሥራዬን! ሳያማክረኝ! ገፋሁት። ከዚያ ገብቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱን እጄ ያውቀዋል፤ እንዴት እንደነዳሁት እንኳ አላስታውስም።»

ሄርሜላ ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ሳጅኑ ኪሩን ክንዱን ይዞ አስወጣው። ጀዊሪያ ወይዘሮ ዓለሜ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እትዬ ዓለሜ፣ ልጅዎ ራሱን አላጠፋም። ተገድሏል።»

«ተመስገን» አሉ ወይዘሮ ዓለሜ።

ክፍሉ ውስጥ ማንም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። እሳቸው ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው የንስሐ አባታቸው ጋ ደወሉ።

«አባ፣ ልጄን ሰው ነው የገደለው» አሉ፣ የምሥራች እንደሚነግሩ ሁሉ። «ሰው ነው የገደለው፣ አባ። ካህናቱን ይጥሩልኝ።»

ስልኩን ከዘጉ በኋላ ነው ያለቀሱት።