ማንም ጥሏቸው አያውቅም

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቼ የማምን ሴት አይደለሁም፣ ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ "እንቅልፍ አጥተሻል፣ ሂጂና ተኚ" ብዬ ነበር የምሸኛት። ነርሲንግ ሆም ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ የስንቱን ዓይን ከድኛለሁ፣ የስንቱን አገጭ አስሬያለሁ፣ አስከሬን ወሳጆቹ እስኪመጡ እዚያው ክፍል ቁጭ ብዬ ሳንድዊቼን የበላሁበት ቀን ሁሉ አለ፣ እመኑኝ። ጓደኞቼ ጥላ አየን፣ ኮቴ ሰማን ሲሉ "የቤት ኪራይ ካጋራችሁ ምን ቸገራችሁ?" እያልኩ እስቅባቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ ጠበል እጠጣለሁ፣ ሙት ተመልሶ ሰው ያስቸግራል የሚለውን ግን አፌን ሞልቼ ውሸት ነው እል ነበር። አሁን አልልም።

የምኖረው ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ነው፣ ምድር ቤት፣ ከበላዬ ደግሞ ጋሽ ዘለቀ ይኖሩ ነበር። በዘመናቸው የኢትዮጵያ የቦክስ ሻምፒዮን ነበሩ፣ ግራ እጃቸው ያረፈበት ሰው በገዛ እግሩ ከመድረክ አይወርድም ነበር ይላል አባቴ፣ ስማቸው በሬዲዮ ሲጠራ ሰፈሩ ሁሉ ጆሮውን ይቀስር ነበር አሉ። እዚህ ዳላስ መጥተው ግን ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ዊልቸር ሲገፉ ነው ያረጁት። የእኛው ሰው እናቱን ከአዲስ አበባ ሲያስመጣ "አባባ፣ ቶሎ ቶሎ በሉ እንጂ" እያለ ያስገፋቸዋል፣ ማን ናቸው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ጭራሽ የሚያስታውሳቸው ጠፋ።

በሰባ አራት ዓመታቸው ገመድ ይዘሉ ነበር፣ ወይ ጉድ! እኔ የሌሊት ሺፍት ሠርቼ ጠዋት ስተኛ እሳቸው በላዬ ላይ ዷ ዷ ዷ ይላሉ፣ የአፓርትመንታችን ጣሪያ ደግሞ ከካርቶን አይሻልም። ሶ እኔ ምን አደርጋለሁ፣ ከአልጋዬ ሳልወርድ በመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን ሦስት ጊዜ እመታለሁ፣ እሳቸውም ወዲያው ያቆማሉ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የተግባባነው። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ኮፍያቸውን አንሥተው "አንቺ ጥሩ፣ ማንም ያልጣለኝን ሰውዬ አንቺ በመጥረጊያ ጣልሽኝ እኮ!" ይሉኛል፣ ስሜ ጥሩወርቅ ነው፣ እኔም "ኧረ እርስዎ ነዎት እኔን የገደሉኝ ጋሼ" እላቸዋለሁ፣ እንሳሳቃለን። እወዳቸው ነበር፣ ይህን ደግሞ እወቁልኝ።

አንድ ማክሰኞ ደብል ሺፍት ሠርቼ ጠዋት ገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ወደቅሁ። ገና ዓይኔን ሳልከድን ከላይ ተጀመረ። የገመዱ ምት አልነበረም፣ ቀስ ያለ ነው፣ ዷ፣ ዝም፣ ዷ፣ ዝም፣ ዷ። መጥረጊያውን አንሥቼ መታሁ። ቆመ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ዷ። ከዚያ በፊት መትቼ ያላቆሙበት ቀን የለም፣ እኔ ግን ምነው ዛሬ አላልኩም፣ ጭራሽ ደሜ ፈላ፣ አልጋው ላይ ቆሜ ጣሪያው እስኪፈረፈር ደበደብኩት፣ "ኧረ በፈጠረዎት፣ ልተኛበት!" ብዬ ጮህኩ። ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ተኛሁ፣ ማታ ተነሥቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በማግስቱ የሕንፃውን ኤሲ፣ ማቀዝቀዣውን፣ የሚጠግነው ሰውዬ በሥራው ሊገባ ሲከፍት ባኞ ቤት ወለል ላይ አገኛቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ተረከዛቸው ወለሉን ከመምታት ብዛት ተልጧል። ሁለት ቀን ሆስፒታል ቆይተው ሞቱ። እንግዲህ እኔ፣ ሥራዬ ሽማግሌ መጠበቅ የሆነው ሴትዮ፣ ከራሴ በላይ ሰው ድረሽልኝ ሲለኝ በመጥረጊያ ዝም ያሰኘሁ ሴት ነኝ። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

ለቅሶውን ብታዩት! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል፣ በቦክስ ጓንት ቅርጽ የተሠራ የአበባ ጉንጉን መጥቷል፣ ፎቶአቸው ያለበት ቲሸርት ተሠርቷል፣ በር አንኳኩቶባቸው የማያውቅ ሁሉ ማይክ ይዞ "ጀግናችን፣ ኩራታችን" እያለ ያለቅሳል። አንጀቴ አረረ፣ ግን እኔ በየት አፌ ሰው ልውቀስ? ይባስ ብሎ የሕይወት ታሪካቸውን የማነበው እኔ እንድሆን ልጃቸው አጥብቃ ጠየቀች አሉኝ። ልጃቸው ሊዲያ ትባላለች፣ እዚህ የተወለደች ናት፣ ማኪኒ ነው የምትኖረው። ሽማግሌዎቹ የጻፉትን ወረቀት ሰጡኝ፣ አነበብኩ፣ መጨረሻው ላይ "በሕይወት ዘመናቸው ማንም ጥሏቸው አያውቅም" ይላል። ሽማግሌዎቹ የቦክሱን መውደቅ ነው ያሉት፣ ተመትተው አልወደቁም ማለታቸው ነው። እኔ ግን እዚያ ስደርስ መስመሩን ሁለቴ ጀምሬ ነው የጨረስኩት፣ ሕዝቡ በሐዘን መስሎት አጨበጨበልኝ።

ስጨርስ ሊዲያ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"አንቲ ጥሩ፣ ያ ቃል... ማለቴ፣ ማንም ጥሏቸው አያውቅም ያልሽው፣ እኔ የመቃብሩ ድንጋይ ላይ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።"

"ምነው፣ ወደድሽው?"

"በጣም። ማንም ትቶት አልሄደም ማለት ነው አይደል? ጥሎ ሄደ የሚለውን አውቃለሁ፣ እማዬ ሁልጊዜ 'አባትሽ ጥሎን ሄደ' ትል ነበር። ሶ እኔም ተናድጄ ሆስፒታል እስኪገባ ድረስ ሁለት ዓመት አልጠየቅሁትም፣ ኮል ሲያደርግ አላነሣም ነበር። ሰው ሁሉ ትቶት ብቻውን የቀረ መስሎኝ በጣም ፈርቼ ነበር።"

የአማርኛ ነገር እንዲህ ነው፣ በቡጢ የዘረረም ጣለ፣ ትቶ የሄደም ጣለ። ልጄ፣ እንደዚያ ማለት አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ዓይኗን አየሁና ዘጋሁት። ለድንጋይ ጠራቢው ፊደሉን በእጄ ጽፌ የሰጠሁትም እኔው ነኝ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነው እንግዲህ ነገሩ። ቀን ተኝቼ ከላይ ድምፅ እሰማለሁ፣ በመጀመሪያ ገመድ አየር ሲቀድድ የሚያሰማው ሿ የሚል ነገር ነው፣ የውኃ ቧንቧ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሰው በአፍንጫው ፍስ ፍስ ሲል ሰማሁ፣ ቦክሰኞች ሲሰነዝሩ እንደሚተነፍሱት፣ ኤሲው ነው አልኩ። ቤቱ ባዶ ነው፣ ምንጣፉን ሁሉ ገሽልጠው አውጥተውታል። መጥረጊያውን ቁም ሳጥን ውስጥ ከትቼ በሩን ዘጋሁበት፣ ዳግመኛ አልነካሁትም።

አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሊዲያ የቀረችውን አንዲት ሣጥን ልትወስድ መጣች፣ ብቻዬን አልችልም አንቲ አለችኝ፣ ቤቴን ቆልፌ ቁልፉን በእጄ እንደያዝኩ አብሬያት ወጣሁ። ፀሐዩ ጠራርጎ ገብቷል፣ ደጅ ልጆች ይጫወታሉ፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም። ባኞ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቆመች።

"እዚህ ነው አይደል?"

"እዚህ ነው የኔ ልጅ።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ መዳፏን ዘረጋች፣ እኔም አጠገቧ በርከክ አልኩ። ያን ጊዜ ከወለሉ ሥር ዷ፣ ዷ፣ ዷ አለ።

በእናንተ ሞት፣ ከእኔ ቤት ነው። እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ነው፣ በእንጨት ጫፍ ጣሪያ ሲመታ ደግሞ የሚሰጠውን ድምፅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ብቻ ከላይ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወለሉ በጉልበቴ ሥር ይንቀጠቀጣል። ሊዲያ ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቲ፣ ታች ማን አለ?"

"ማንም የለም።"

ፈገግ ብላ በቡጢዋ ወለሉን መልሳ መታችው፣ እጇን ልይዛት ስል አመለጠኝ። አንድ ሁለቴ ከመታች በኋላ ከታች በቁጣ ተመለሰ፣ ደቅ ደቅ ደቅ ደቅ፣ ያን ማክሰኞ አልጋው ላይ ቆሜ እንደደበደብኩት ልክ። እኔ ላብ አጠመቀኝ፣ እሷ ግን፣ እመኑኝ፣ እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር።

"ይሄ ነው! አባዬ የነገረኝ ይሄ ነው! ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ አለኝ፣ 'ወለሉን መታሁ፣ ጥሩ ከታች መለሰችልኝ፣ ሰምታኛለች፣ እየመጣች ነው አልኩ፣ ከዚያ በኋላ አልፈራሁም።' ሌሊቱን ሁሉ አልፈራሁም አለኝ አንቲ! ሶ ያንን የኤሲ ሰውዬ የላክሽው አንቺ ነሽ፣ አይደል? ታሪኩን አንቺ እንድታነቢ ያልኩት ለዚያ እኮ ነው።"

እጄን ያዘች፣ እጇ ትኩስ ነው፣ መልሴን ትጠብቃለች። አሁን ንገሪያት ጥሩወርቅ፣ አሁን ካልነገርሻት መቼም አትነግሪያትም አልኩ ለራሴ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኳት።

የታችኛው ድምፅ ቀጥ አለ። ሸኝቻት ወርጄ ቤቴን ከፈትኩ፣ አልጋው እንደተነጠፈ ነው፣ ቁም ሳጥኑ እንደተዘጋ ነው፣ ሰው የሚባል ነገር የለም። ማን እንደነበር ዛሬም አላውቅም፣ ለማወቅም ወኔው የለኝም።

እኔን የሚበላኝ ግን ሌላ ነው። መጥረጊያዬ አራት ዓመት ሙሉ "ይብቃዎት፣ ዝም ይበሉ" ማለት ነበር፣ ሌላ ትርጉም ኖሮት አያውቅም፣ ይህንንም ጋሽ ዘለቀ ከእኔ እኩል ያውቃሉ። አውቀው ለልጃቸው 'እየመጣች ነው አልኩ' ካሏት፣ እኔን ሊምሩኝ ይሁን ሊቀጡኝ አልለየልኝም።