ከባቡሩ የቀደመ ደብዳቤ

ቀያሿ ጎንበስ ብላ የቀለሙን ጣሳ ነቀነቀችና ከላውንደሪው ደፍ ሁለት እርምጃ ርቃ ቀይ መስመር ረጭታ አሰመረች። ድንቢጥ የሚተኮስ ሸሚዝ እንደያዘች የአባቷ ሱቅ በር ላይ ደርቃ ቀረች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስታድግ ቁመቷ አልጨምር ስላለ ድንቢጥ ያላት አባቷ ነው።

«ቦዩ የሚቆፈረው እዚህ ጋ ነው» አለች ቀያሿ። «የባቡሩ ሐዲድ ከመነጠፉ በፊት የውሃውና የመብራቱ መስመር ይነሳል። ስምንት ወር ይፈጃል። ቅጹን ሞልታችኋል አይደል?»

«የቱን ቅጽ?» አለች ድንቢጥ። የቱ እንደሆነ ግን አሳምራ ታውቃለች።

«ከደብዳቤው ጋር የመጣውን ነዋ። የሞላ ሰው በቦዩ ላይ መሸጋገሪያ ይሠራለታል። ያልሞላ ሱቁን ዘግቷል ተብሎ ነው የሚያዘው። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል።» ይህን ብላ ጣሳዋን አንጠልጥላ ወደ ጎረቤቱ ፀጉር ቤት አለፈች።

ደብዳቤውን ከባቡር መሥሪያ ቤቱ ሽማግሌ ተላላኪ እጅ የተቀበለችው ድንቢጥ ናት፤ ከአሥራ ሰባት ቀን በፊት። አባቷ ከሆስፒታል የወጣው በዚያው ሳምንት ነበር። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠርቶ «ልቡ ደክሟል፤ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰማ» ብሏታል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ደብዳቤውን ጂኦግራፊ ደብተሯ ውስጥ ከታ፣ ትንሽ ሲሻለው እነግረዋለሁ ብላ ዝም አለች። ቀኑ በገፋ ቁጥር ግን መዘግየቷ ራሱ ሌላ የሚያስፈራ ነገር ሆነባት።

«አንቺ ደግሞ ምን ታካብጃለሽ!» አለች የፀጉር ሠሪዋ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዋ፣ ነገሩን ስትሰማ። «በአባትሽ ስም ፈርመሽ ውሰጂዋ። ማን ያውቃል?»

ድንቢጥ እስክሪብቶ አነሳች። ቅጹ ግን ከፊርማ በላይ ይጠይቃል። በጀርባ በኩል በር ሊከፈት ይችላል? ውሃ ቢቋረጥ ማሽኖቹ ስንት ሰዓት መቆም ይችላሉ? አንዱንም አታውቅም። እስክሪብቶውን መልሳ ስታስቀምጥ ጓደኛዋ ቀስ ብላ ወጣች፤ አባቷ የሆቴል መጋረጃ አድርሶ እየተመለሰ ነበርና።

«ውጪ ያለው ቀይ ምንድን ነው?» አለ ባዶ ማንጠልጠያዎቹን እያስቀመጠ። ላብ አጥምቆታል።

ውሸቱ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። መተኮሻ ጠረጴዛውን ሲደገፍ አየችውና ወንበር ሳበችለት።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ» አለችው። ከዚያ ደብዳቤውን ሰጠችው።

እጁን ወደ ደረቱ ሲልክ ድንቢጥ ጮኸች፤ አምቡላንስ ልትጠራ ወደ ስልኩ ዘለለች።

«ምን ሆንሽ? መነጽሬን እኮ ነው» አለ፤ ከደረት ኪሱ አወጣው።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ሳልሞት ቀበርሽኝ እኮ» አለ በመጨረሻ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «በጀርባ በኩል በር ማውጣት ይቻላል። ጻፊ። አሥር ሰዓት አልፏል።»

መሥሪያ ቤቱ የደረሱት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው። ኃላፊዋ ቅጹን ተቀብላ መነጽሯን ዝቅ አደረገች። «መሸጋገሪያ የምንሠራው በምዝገባ ተራ ነው፤ እናንተ መጨረሻ ናችሁ። ደብዳቤው መቼ ደረሳችሁ?»

«አልደረሰንም» አለ አባቷ ፈጠን ብሎ።

ድንቢጥ ቀና ብላ አየችው። ሲዋሽ ሰምታው አታውቅም።

«እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የኛ ነው፤ ከፊት ትገባላችሁ።» ኃላፊዋ ጥግ ላይ ፖስታ ወደሚለየው ሽማግሌ ተላላኪ ዞረች። «ይሄ ያልደረሰ ሦስተኛ ደብዳቤ ነው። ባለፈው ምን ተባብለን ነበር? ከዚህ በኋላ እዚህ ሥራ ላይ ላቆይዎት አልችልም።»

«እኔማ ሁሉንም አድርሻለሁ፣ የኔ ልጅ... መሰለኝ» አሉ ሽማግሌው። ዓይናቸው ከአባቷ ወደ ድንቢጥ ዞረ። አላወቋትም።

አባቷ ክርኗን ጨበጥ አደረገ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ሰው ሊሻገረው የማይችል ጉድጓድ ታያት። አባቷ ከጉድጓዱ ማዶ፣ ባዶ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ታያት።

«ደርሶናል» አለች። ድምፅዋ ስለቀጠነ ደገመችው። «ደርሶናል። አሥራ ሰባት ቀን ሆነው። የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ እስከዛሬ አላየውም።»

ኃላፊዋ ሽማግሌውን «ወደ ሥራዎ ይመለሱ» አለቻቸውና ቅጹን ከክምሩ ሥር አስገባችው። «ተራችሁ ሲደርስ ነው እንግዲህ። ሁለት ወርም ሊፈጅ ይችላል።»

ደረጃውን ሲያጋምሱ አባቷ ቆም አለና እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ሊያቅፋት ይሁን ሊደገፍባት አልገባትም።

«ሁለት ወር በጀርባ በር» አለ። «ደንበኛው ያንን መንገድ የት ያውቀዋል?»

«ነገ ከትምህርት ቤት መልስ በየቤታቸው ዞሬ አሳያቸዋለሁ» አለች ድንቢጥ።