ለሻለቃ የተለካው ሽሮፕ

«መድኃኒት ሰጥታችሁታል?» ሲል ሐኪሙ ጠየቀ፤ የድመቱን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ ድዱን እያየ።

«ምንም» አሉ እቴቴ።

ሚጣ ቀና ብላ አክስቷን አየቻቸው። እቴቴ ግን ወደ እሷ አልዞሩም። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው የሐኪሙን እጅ ብቻ ይመለከታሉ።

ድመቱ ሻለቃ ይባላል። ከአፍንጫው ሥር የተቀባ የሚመስል ጥቁር ጢም አለው፤ ቤቱንም እንደ ጦር ሰፈር እየዞረ መጎብኘት ይወዳል። ስሙን ያወጣችለት የሚጣ እናት ናት። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ጉራ የለም። በብረቱ ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ተዘርግቶ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ ጠበዋል፣ ሮዝ የነበረው ድዱም ወደ ቡናማ ሄዷል።

ሚጣ ምን እንደተሰጠው ታውቃለች። ሲሰጠው የያዘችው ራሷ ናት።

ነገሩ የጀመረው ትናንት፣ ሻለቃ ርግብ ሲያሳድድ ከጣሪያ ወድቆ ማነከስ ሲጀምር ነው። እናቷ ለሥራ ራቅ ያለ ከተማ ሄዳ ነበር፤ ሚጣንም ድመቱንም ለታላቅ እህቷ ለእቴቴ አደራ ብላ። እቴቴ የሕፃናት ክፍል ነርስ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላቸው፤ ልጁ ያተኮሰው ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። ሕመምተኛ እያዩ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ደግሞ አያውቁበትም።

ስለዚህ ሻለቃን አቅፈው ሚዛን ላይ ወጡ። ቁጥሩን እንዳታይባቸው ሚጣን «ዙሪ» አሏትና፣ ከዚያ ድመቱን አስቀምጠው ብቻቸውን ተመዘኑ። ልዩነቱን በቃላቸው አሰቡት። «አንድ ወር የሞላው ሕፃን ማለት ነው» አሉ። የሕፃናቱን የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ አወጡና መርፌ በሌለው ስሪንጅ መስመሩ ላይ እስኪደርስ ለክተው ቀዱለት። ሌላ ሰው ቢሆን በግምት ያንቆረቁርለት ነበር፤ እቴቴ ግን ከግምት ጋር ተጣልተው የኖሩ ሰው ናቸው። ሌሊትም ሰዓቱን ጠብቀው ደገሙለት፣ ጎሕ ሲቀድም ሰለሱት። ሻለቃ ሽሮፑን ከንፈሩን እየላሰ ሲውጥ ከስንቱ ልጅ ይሻላል ብለው አሞግሰውታል። ከቁርስ በኋላ ግን ሊቆም ሞክሮ ወደቀ።

ሚጣን አሁን ጭንቅ ውስጥ የከተታት ሐኪሙ እቴቴን ማወቁ ነው። ገና ከበር ሲገቡ ነበር ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ የነሣቸው። የመጀመሪያ ልጁ በተወለደች በሳምንቷ ትንፋሽ ሲያጥራት ተረኛዋ ነርስ እቴቴ ነበሩ፤ ልጅቷ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ስለዚህ የእቴቴ ቃል ለእሱ መሐላ ነው። ምንም ካሉ ምንም ነው።

ለድመቱ የኦክስጅን ጭንብል አድርጎለት ሌላ ሌላውን መጠየቅ ጀመረ። ጎረቤት የአይጥ መርዝ ይጠቀማል? ሽንኩርት ያለበት ትርፍራፊ አግኝቶ ይሆን? እቴቴ እንጃ፣ ሊሆን ይችላል እያሉ መለሱ። ሐኪሙ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ።

«ምን እንደገባበት ካላወቅሁ በጭፍን ነው የማክመው» አለ። «የአንዱ ማርከሻ ለሌላው አይሆንም። ጊዜም የለንም።»

ሚጣ የእቴቴን እጅጌ ሳብ አድርጋ ሽሮፑን እንዲነግሩት በሹክሹክታ ለመነቻቸው። እቴቴ ጥርሳቸውን ሳይከፍቱ፣ ያ ለጨቅላ የሚሰጥ ነገር ነው፣ እሱ ምንም አያደርግም፣ ዝም በይ አሏት።

እጅጌያቸውን ለቀቀች። እውነታቸውን ቢሆንስ? እሳቸው ሕይወታቸውን ሙሉ መድኃኒት ሲለኩ የኖሩ ናቸው፤ እሷ የምታውቀው የባዮሎጂ ደብተሯ ላይ ያለውን ነው፣ እሱንም በግማሽ። በዚያ ላይ ትልቅን ሰው ባዕድ ፊት «ዋሽተዋል» ማለት በጥፊ ከመምታት አይለይም። ትኩሳት ሲይዛት አጠገቧ ቁጭ ብለው ያደሩት፣ ፀጉሯን ጎንጉነው ትምህርት ቤት የሚሸኟት እቴቴ ናቸው። ሽሮፑ ምንም ያላደረገው ከሆነ በከንቱ አዋርዳቸዋለች ማለት ነው። ፈራች፤ ከልቧ ፈራች።

ሻለቃ ከጭንብሉ ሥር አፉን ከፈተ። ምላሱ ሲወጣ አመድ መስሎ ነበር።

«ሽሮፕ ሰጥተነዋል» አለች ሚጣ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። «የሕፃናት ማስታገሻ፣ ፓራሲታሞሉን። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሦስት ጊዜ። እኔ ነኝ የያዝኩት።»

ሐኪሙ የዞረው ወደ እሷ ሳይሆን ወደ እቴቴ ነበር። እቴቴ ቦርሳቸውን ጠበቅ አደረጉ፣ ከዚያ ላላ።

«አዎ» አሉ። «በኪሎው ለክቼ።»

ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ለመቆጣትም ጊዜ አልነበረውም። መደርደሪያውን ከፍቶ ብልቃጥ እየፈለገ፣ ልኩ ለሰው ልጅ ትክክል እንደነበረ፣ የድመት ጉበት ግን ይህን መድኃኒት ከሰውነት ማስወገድ እንደማይችል፣ ደሙም አየር መሸከም እንደሚያቅተው በጥድፊያ ነገራቸው። «ለድመት ጠብታውም መርዝ ነው፣ ሲስተር። ግን ማርከሻ አለው።» ብልቃጡን ብርሃን ላይ አነሣው። «አሁን ስላወቅን አለው።»

እቴቴ ብልቃጡን ሲያዩ ለዩት። ሙሉ ጠርሙስ ሽሮፕ ጠጥተው ለሚመጡ ሕፃናት እሳቸውም የሚሰጡት እሱኑ ነው። ቦርሳቸውን መሬት ላይ ጣሉት፣ እጃቸውን ታጥበው የሻለቃን የፊት እግር ያዙ። ሐኪሙ ደም ሥሩን ሲፈልግ እቴቴ ጎንበስ ብለው በድመቱ ጆሮ የሚያወሩት ሚጣ በልጅነቷ ክትባት ስትወጋ የሰማችውን ነበር፤ አይዞህ የኔ ጌታ፣ አለቀ፣ አሁን አለቀ። መርፌው ገባ።

ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነው። ሚጣ መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ጥፍሯን በላች። አንድ ቡችላ ከወዲያኛው ክፍል ሲያላዝን ቆይቶ ዝም አለ። እቴቴ ከሻለቃ አጠገብ አልተነሡም፤ ሚጣም ለመግባት ድፍረቱ አልነበራትም። ከእሳቸው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አስፈርቷታል።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሐኪሙ በሩን ከፈተ። «ነይ፣ እዪው» አላት።

ስትገባ ሻለቃ በሆዱ ተኝቶ ነበር። ሐኪሙ ድዱን ሊያሳያት እጁን ሲሰድ፣ ሻለቃ ጆሮውን አጣጥፎ ፍፍፍ አለና በጥፍሩ ጓንቱን ቀደደው። ከንፈሩ ሲገለጥ ድዱ ገና የገረጣ ቢሆንም ሮዝ ነበር።

«ፈታ በይ፣ ይሄ አይሞትም» አለ ሐኪሙ የተቀደደውን ጓንት እያየ። «የሚሞት ድመት እንዲህ ዓይነት ዓመል የለውም።»

ሚጣ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ግንባሯን ከሻለቃ ጎን አስጠግታ ልቡን አዳመጠች። ሐኪሙ ለጥንቃቄ እስከ ነገ እዚሁ እንደሚያቆየው ነገራቸው።

ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሚጣ የሚመጣውን ቁጣ ተዘጋጅታ ጠበቀች።

«ያ ልጅ እንደዚያ ሲያከብረኝ ተሳስቻለሁ ማለት አቃተኝ» አሉ እቴቴ ወደ ሐኪሙ በር እያዩ። «አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

«ይቅርታ፣ እቴቴ።»

«ለምኑ? ለጀማሪዎቹ ነርሶች ሁልጊዜ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ከተጠራጠራችሁ ተናገሩ፣ አለቃም ይሁን ማንም ይሁን እላቸዋለሁ።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ለካ ለሚሰማው ይመራል። ቢመርም ግን ተናገሪ፣ እሺ? እኔ ዝም በይ ብልሽም።»

ሚጣ ራሷን ነቀነቀች። ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር።

የእቴቴ ስልክ ጮኸ። የሚጣ እናት ናት፤ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ደውላ ከሰው ሁሉ በፊት የምትጠይቀው ሻለቃን ነው። እቴቴ ስልኩን እያዩ አላነሡትም። ከጣሪያ ወደቀ፣ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፣ ደህና ነው ቢሏት አንዱም ውሸት አይሆንም። ሚጣም ይኸው ታያት። ድመቱ ተርፏል፤ ማንም ሌላውን መስማት አያስፈልገው ይሆናል። እቴቴም ለዛሬ የደረሰባቸው ሳይበቃቸው አይቀርም።

«ምን ልበላት?» አሉ እቴቴ፤ እንደ ትልቅ ሰው እያማከሯት።

ሚጣ ደረጃው ላይ ተንሸራትታ ትከሻዋን ከትከሻቸው አገናኘች።

«የሆነውን» አለች። «ግን ሁለታችን ነን የሰጠነው በሏት።»

እቴቴ ስልኩን አነሡ።