የሳሎኑ መንዙማ

ላፕቶፑ «መንዙማ» ብሎ ሲጽፍ ሰሀር ዓይኗን ማመን አቃታት። በሰጠችው ቅጂ ላይ የሚያዜም ሰው የለም። ስልኳን ሳታውቅ ነክታው የተቀረጸ፣ የቤታቸው ሳሎን ቬንቲሌተር ብቻ የሚጮህበት ቅጂ ነበር።

ደግማ ሰጠችው። እንደገና «መንዙማ» አለ።

አጠገቧ የተቀመጠው የክፍል ጓደኛዋ ፍፁም ሳቀ። እሷ ግን ቅጂዎቹን መለስ ብላ ማየት ጀመረች። ላፕቶፑ ላይ ያለውን ፕሮግራም ያመጡላቸው የአይሲቲ መምህራቸው ቲቸር ደሳለኝ ናቸው፤ ዘፈን አዳምጦ ዓይነቱን ይለያል ይባልለታል። የእነሱ ሥራ የይፋትን ዜማዎች እየሰጡ እውነት መለየቱን መፈተን ነበር። ከቅጂዎቻቸው ግማሹን አስተማሩት፣ በቀረው ፈተኑት። ከመቶ ዘጠና ስድስቱን አገኘ። በዚህ ውጤት ደብረ ብርሃን ለሳይንስ ውድድር ሊሄዱ ነው።

የሰርግ ዘፈኖቹን ፍፁም ከዳስ ዳስ እየዞረ ቀረጸ። መንዙማውን ሁሉ ያዜመችው የሰሀር እናት መሪያም ናት። መሪያም ጎረቤት እንዳይሰማት ስለምታፍር መስኮቱን ትዘጋለች፤ በከተማቸው በሮቢት ሙቀት መስኮት ከተዘጋ ደግሞ ቬንቲሌተር የግድ ነው። ሰሀር አሁን ገባት። ፕሮግራሙ የለየው ዜማውን ሳይሆን ቬንቲሌተሩን ነው።

«አታካብጂ» አላት ፍፁም ስትነግረው። «ማን ይጠይቀናል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለቤተሰብ ሁሉ ተናግሬያለሁ እኮ፣ ሰሁ። ሼም ነው።»

እሷም ተናግራለች። እናቷ ጉዞውን ከሰማች ጀምሮ በመንገዱ ያለው የጣርማ በር ተራራ ጠመዝማዛ፣ ጭጋጉ፣ የመኪናው ፍሬን በህልሟ እየመጣ እንቅልፍ ነስቷታል። እንዲያም ሆኖ ለደብረ ብርሃን ብርድ፣ ሮቢት ውስጥ ማንም የማይለብሰው ወፍራም ሹራብ ፈልጋ ገዝታላታለች።

ከሰዓት በኋላ ሰሀር፣ ቬንቲሌተሩ ጠፍቶ አንድ ጊዜ እንድታዜምላት እናቷን ለመነቻት። መሪያም እንደ ልማዷ መስኮቱን ዘጋች። ላቧ በአንገቷ እየወረደ፣ ዓይኗን ጨፍና አዜመች። ድምፅዋ እንዲህ ጠርቶ ሲወጣ ሰሀር ሰምታ አታውቅም።

ላፕቶፑ «የሰርግ ዘፈን» አለ።

መሪያም ፊቷ ጠቆረ። «ይኸው፣ የፈራሁት ደረሰ። በኔ ድምፅ ወደቅሽ አይደል፣ ልጄ?»

«አብሽሪ እማ። ያንቺ ድምፅ ምን ሆነ? እሱ ነው አንድ ቀንም ሰምቶሽ የማያውቀው።»

መሪያም አልተዋጠላትም። ሰሀር የእናቷን ላብ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችላትና አጠገቧ ተቀመጠች።

በማግስቱ ከደወል በፊት፣ ፍፁም ቤተ ሙከራው ውስጥ ፖስተራቸውን ሲለጥፍ አገኘችው። ዘጠና ስድስትን በቀይ አድምቆ ጽፎታል። ሰሀር የእናቷን የትናንት ቅጂ ከፍታ የስልኳን ማዳመጫ ሰጠችው። ሳይጨርሰው ያቆመዋል ብላ ፈርታ ነበር፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«እትዬ መሪያም እንዲህ ያዜማሉ እንዴ?»

«ላፕቶፑ የሰርግ ዘፈን ነው አለው» አለች። «ለቲቸር ልናገር ነው፣ ፍፁም። አንተ ሳታውቅ መሄድ ግን አልፈለግኩም።»

ፍፁም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆይቶ፣ የፖስተሩን አንድ ማዕዘን እንዳይቀደድ ቀስ እያለ በጥፍሩ መላጥ ጀመረ። ሰሀር ተጠግታ ሌላኛውን ጫፍ ያዘችለት።