የቆልሚ ግማሽ ቀን

የዝናብ መለከት ከዘንዳር ቤተ መንግሥት ከተሰረቀ ሰባት ዓመት ሆነው። በእነዚያ ዓመታት የዘንዳር ሰማይ አንዲት ጠብታ አልጣለም፤ ምንጩ ደረቀ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሕዝቡም እግሩ ወደመራው ተበተነ። ሌባው ደግሞ ባዕድ መስሏችኋል? የንጉሡ በር ጠባቂ አጋፋሪ ሸንቁጥ ነበር! የመለከቱን ዘብ ፊታውራሪ ገሠሠን ከአንድ ማዕድ አብሮት እየበላ ሳለ ወጋው። ፊታውራሪው ነፍሱ ሳትወጣ ሰይፉን መዝዞ የገዳዩን ሦስት ጣቶች ቆረጠ።

ሬሳውን ያጠበችው የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ፋናዬ ነበረች። «አባቴ ሆይ፣ ደምህን ሳልመልስ ብቀር ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ማለች። ሃያ ዓመት ሲሞላት የአባቷን የጦር ጓደኛ ባሻ ወርዶፋን አስከትላ፣ ባለ ሁለት ራሱ የባሕር አውሬ ጉማር በሚጎትታት መርከብ ተነሣች። በአርባኛው ቀን ረፋድ ላይ ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሸ። ጉማር ደግሞ ባሕር ሲሸሽ ካልተኛ አይሆንለትምና ቆልሚ በምትባል የጠረፍ መንደር ቆሙ።

«ያለን ግማሽ ቀን ነው» አለ ባሻ። «ፍል ውኃ አለ፣ የተጠበሰ ዓሣ አለ። እስኪ እንደ ሰው ትንሽ እንዝናና፤ ፊትሽን ከፈታሽ ስንት ዘመንሽ።»

«ለሽርሽር አልወጣሁም፣ ባሻ።»

«ኧረ ተይ! በቀሉ የትም አይሄድብሽም።»

የመንደሩ እናት እማማ ጀማነሽ ባሕር ዳር ተቀበሏቸው። «እግሩን ከምንጫችን ታጥቦ ዓሣችንን የበላ እንግዳችን ነው» አሉ። «በዚህ የባሕር ቅጥር ላይ ድንጋይ ያኖረ ግን ልጃችን ነው። በልጃችን ላይ ሰይፍ የመዘዘ እንግዳ፣ መርከቡን ባሕሩ ይውጣታል።»

ፋናዬ እግሯን ለይስሙላ ምንጩን አስነካች፤ ዓሣውንም ቆማ በላች። ዐይኗ ወደ ቅጥሩ ዞረ። አንድ ጎልማሳ ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል። ድንጋዩን የደገፈው ቀኝ እጁ ሁለት ጣት ብቻ ነበረው። ደሟ ፈላ! እጇ ሰይፏን ሲጨብጥ ባሻ ዘሎ ክንዷን ያዘ።

ሸንቁጥም ዐወቃት፤ ሳቀም። «የገሠሠ ልጅ! ቁርጥ አባትሽን! እኔ እንኳ ሰባት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ድንጋይ ያኖርሁ የቆልሚ ልጅ ነኝ፤ አትነኪኝም። መለከቱን ከፈለግሽ ይኸውልሽ።» ከአንገቱ አውልቆ ወረወረላት። «በይ፣ አሁን ከላዬ ላይ ውረጂ።»

«ተመስገን! በቃ እንሂድ ልጄ» አለ ባሻ። «አገር ውኃ ይጠጣል፤ እናትሽም ዐይንሽን ታያለች።»

ፋናዬ መለከቱን አንሥታ ለባሻ ሰጠችው። ከዚያም ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ ሁለት ልጆችዎ ቢጣሉ ማን ይዳኛቸዋል?»

«ባሕሩ። ጎን ለጎን አሸዋው ላይ ይቆማሉ፤ ባሕሩ ሲመለስ የሸሸውን ይወስዳል፣ የቆመውን ይተዋል። ግን ልጄ፣ ወንድሙን ለባሕር የሰጠ ቦታውን ይተካል። ዕድሜ ልኩን ከዚህ ቅጥር አይርቅም።»

የሸንቁጥ ፊት አመድ መሰለ። አያችሁ፣ በር ጠባቂው ሰውዬ በሩን ለእንግዳ ዘግቶ ለልጅ ክፍት መሆኑን ረስቶታል!

«እናትሽን ምን ብዬ ልንገራት?» ብሎ ባሻ ጮኸ። ፋናዬ ጎንበስ ብላ አንድ ድንጋይ አነሣችና ቅጥሩ ላይ አኖረችው።

የመንደሩ ሰዎች ሁለቱን ወደ አሸዋው አወረዷቸው። ከቀትር በኋላ ባሕሩ ምድርን እያንቀጠቀጠ ተመለሰ። ጉልበት ደረሰ፣ ወገብ ደረሰ፣ ደረት ደረሰ።

«ያን ቀን አባቴ እያጎረሰህ ነበር» አለችው። «ታስታውሳለህ?»

«ማሪኝ! በእናትሽ!»

«እሱ ይህን ለማለት ጊዜ አላገኘም።»

ሸንቁጥ ወደ ዳር ሮጠ። ባሕሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆመና ተደረመሰበት። ፋናዬ ዐይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው አየችው። ማዕበሉ እሷን ግን በግራና በቀኝ እየተከፈለ አለፋት።

ጉማር ነቃ። ባሻ ወርዶፋ ጉንጯን ስሞ፣ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ተሳፈረ። ከባሕሩ መካከል መለከቱን ሲነፋው ጥቁር ደመና ከአድማስ ተነሥቶ ወደ ዘንዳር ተመመ። ፋናዬ ቅጥሩ ላይ ቆማ መርከቧን በዐይኗ ሸኘች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ።

«ቆጨሽ ልጄ?» አሉ እማማ ጀማነሽ።

«እናቴ ናፈቀችኝ፤ ሆዴ ባባ» አለች። «የቆጨኝ ግን አንዴ ብቻ መሞቱ ነው።»