የእሑዱ ዳቦ

ልጅ ማስለቀስ ቀላል ነው። ማንም ይችላል። ከባዱ ሦስት መቶ ልጅ በአንድ ጊዜ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ማስለቀስ ነው። እኛ ይህን ሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከዝናብ እስከ ዝናብ፣ ከከተማ ከተማ እየዞርን ሠርተነዋል። ስሙን አገልግሎት ብለነው ነበር። «ልጆቹ እኮ ልባቸው ተነካ» የሚለኝ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ተነካ፣ አዎ። የሚቆነጥጥ እጅም ይነካል።

በዚያው ዓመት ሰው ወደድኩ። የምነግራችሁ እሱን ነው፤ ግን አንዱን ከሌላው ነጥዬ መንገር አልችልም።

በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ አራት ሆነን ነበር የምንጓዘው። መሪያችን፣ ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ሕፃናት ገና ሲያዩአቸው ጉልበታቸው ላይ የሚወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሾፌሩ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተርብ ማርሽ ቀይሮ የማያውቅ ሰው ነው። የወደድኩት እሱ፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹ፣ የአባባ የወንድም ልጅ ነው፤ እናትና አባቱ ሲሞቱበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እኔ ከመምህራን ኮሌጅ ከወጣሁ ገና ወር ያልሞላኝ ተረት ነጋሪ ነበርኩ። ኮሌጅ ሳለሁ በክርክር ማንም አሸንፎኝ አያውቅም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ያሳፍረኛል።

በየከተማው ሦስት ቀን እንቆያለን። አንድ ቀን የአሻንጉሊት ጨዋታ፣ አንድ ቀን መዝሙር፣ በሦስተኛው ቀን ምስክርነት። አሻንጉሊቶቹ በግና አህያ ነበሩ። በጓን እኔ፣ አህያውን እሱ፣ በብረት ዘንግ ላይ ከተዘረጋ ሰማያዊ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጠን፣ እጃችንን ወደ ላይ ሰቅለን እናጫውታቸዋለን። መጋረጃው ለአንድ ተኩል ሰው የተሰፋ ነው። ትከሻ ለትከሻ ካልተጣበቅን አንዳችን እንታያለን።

በመጀመሪያው ቀን መሃል ላይ እጄ ዛለ። በጓ ከመጋረጃው በታች ሰጠመች፤ ልጆቹ ጮኹ። እሱ አህያውን ጎንበስ አድርጎ፣ በሚያናፋ ድምፅ፣

«እሜቴ በግ! ምነው፣ መሬት ዋጠችሽ?» አለ።

ጽሑፉ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም።

«ደከመኝ፣ አያ አህያ» አልኩ በበጓ ድምፅ።

«እንግዲያው ጀርባዬ ላይ ውጪ። አህያ ለምን ተፈጠረ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ በባዶ እጁ ክርኔን ከታች ደገፈው፤ ጨዋታው እስኪያልቅ አልለቀቀውም። አላየኝምም። ዓይኑን አህያው ላይ ተክሎ፣ ጆሮው ብቻ ቀልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰው በሌለበት የምንነጋገረው በአሻንጉሊቶቹ ድምፅ ሆነ። በራሱ ድምፅ «ደህና አደርሽ»ን ጨርሶ የማይል ሰው፣ አህያ ሲሆን አንደበቱ ይፈታል። ሾፌሩ በመስታወቱ አሾልኮ ያየናል።

«እሳትና ጭድ አንድ መጋረጃ ጀርባ!» ይላል። «ኧረ መኪናዬን እንዳታቃጥሏት፤ ሌላ የለኝም።»

በሁለተኛው ወር በመንገድ ላይ ስለ እናቴ አወራሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ዝናብ ይዘንብ ነበር፣ አፌን ሲበላኝ አወራሁ። ስምንት ዓመቴ ሳለ እናቴ ደረቷን ታመመች። ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት የሕፃናት ማደሪያ ወሰደችኝ። በሩ ላይ ቆማ፣ «እዚሁ ጠብቂኝ፣ እሑድ ዳቦ ይዤልሽ እመጣለሁ» አለችኝ። እሑድ ሆነ፤ መጣች። በሆስፒታል ፒጃማዋ ላይ ኮት ደርባ፣ ነርሶቹን አምልጣ፣ ዳቦውን እንዳይበርድ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ መጣች። ስምንት ወር ሙሉ አንድም እሑድ አልቀረችም። ከዚያ ተሻላት፤ ቤት ወሰደችኝ። ታሪኩ ይኸው ነው።

አባባ ሰሙኝ። ዓይናቸው ረጠበ። መሐረባቸውን ወደ ኪሳቸው ከመለሱ በኋላ፣

«ልጄ፣ ይህን ለልጆቹ ትነግሪያለሽ» አሉኝ። «ግን ዳቦው ጋ ስትደርሺ አቁሚ።»

«የቱ ጋ፣ አባባ?»

«'እመጣለሁ' ያለችሽ ጋ። 'ጠበቅኳት' በይና ዝም በይ። የቀረውን አኮርዲዮኑ ይናገር።»

«መጥታለች እኮ።»

«አልመጣችም በይ አልኩሽ? ዝም በይ ነው ያልኩሽ። ዝምታ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ውሸት የሆነው?»

እዚህ ላይ መልስ ነበረኝ። ዛሬ አሥር መልስ አለኝ። ያን ቀን ግን፣ ያ ሁሉ የክርክር ዋንጫ ቤቴ ተደርድሮ፣ «እሺ አባባ» አልኩ።

በሚቀጥለው ከተማ፣ በሦስተኛው ቀን ቆሜ ተናገርኩ። «ጠበቅኳት» ብዬ ዝም አልኩ። አኮርዲዮኑ ቀስ ብሎ፣ እንደታመመ ሰው ተነፈሰ። የፊተኛው ረድፍ ማልቀስ ጀመረ፤ ልቅሶው ወደ ኋላ ወንበር በወንበር ሄደ። አባባ ተነሡ። «ለዚህች እናት ይቅርታ እንዲደረግላት አብሮኝ የሚጸልይ እጁን ያንሣ!» አሉ። ያልተነሣ እጅ አልነበረም። ትንንሾቹ ሁለቱንም አነሡ።

በየከተማው እንዲህ ሆነ። ልጆች ቤታቸው ገብተው የእናታቸውን ቀሚስ አንለቅም ማለታቸውን ስንሰማ አባባ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገብቷቸዋል» ይሉ ነበር። አንዲት ሕፃን እናቷ ገበያ በሄደች ቁጥር በር ላይ ቆማ እንደምትጮህ ነገሩን። ይህም ገብቷት ነው ተባለ። እኔ ምን አልኩ? ምንም። ፍቅር ይዞኝ ነበር። ፍቅር የያዘው ሰው ጆሮው ለአንድ ድምፅ ብቻ የተከፈተ ነው፤ የኔ ደግሞ ለአህያ።

ዝናቡ ካቆመ ከብዙ ወር በኋላ፣ ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ አህያው ወደ በጓ ጆሮ ጠጋ አለ።

«እሜቴ በግ፣ ላገባሽ ነው።»

«አህያና በግ ምን ይወልዳሉ?»

«ጆሮው ረጅም፣ ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ ልጅ። ብርድ የማይፈራ፣ ስድብ የሚሰማ።»

ሳቅኩ። አህያው ዝቅ አለ። ከዚያ በራሱ ድምፅ፣ ዓመቱን ሙሉ ሦስት ጊዜ ያልሰማሁት በሚመስለኝ በዚያ ቀጭን ድምፅ፣

«የምሬን ነው» አለ።

ከመጋረጃው ወዲያ ልጆቹ «ጀምሩ! ጀምሩ!» ይላሉ። እኛ ዝም ብለን ተያየን። ያን ዝምታ ከዓመቱ ዝምታዎች ሁሉ ለይቼ አስቀምጬዋለሁ። እሱ ብቻ ንጹሕ ነበር።

አባባ ደስ አላቸው። ግንባሬን ሳሙኝ። «ዓመቱ ይለቅ፤ የመጨረሻዋን ከተማ በጨረስን ማግስት እኔው ራሴ እባርካችኋለሁ። እስከዚያ ግን አገልግሎቱ አይጓደል» አሉ።

የመጨረሻዋ ከተማ እናቴ የምትኖርባት ነበረች።

ገና መንገድ ላይ ሳለን ለአባባ ነገርኳቸው። «እናቴ ትመጣለች፣ አባባ። እሷ ባለችበት አልናገርም።» «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። ይህ መልስ ሲሰጣችሁ ሰውየው ወስኖ እንደጨረሰ ዕወቁ።

ወደ እሱ ሄድኩ። ሚኒባሱ ላይ ወጥቶ የመጋረጃውን ዘንግ ይፈታ ነበር።

«ስማ፣ በሦስተኛው ቀን ቀስ ያለውን እንዳትጀምር።»

ዘዴው ቀላል ነው። አኮርዲዮኑ ቀስ ያለውን ዜማ ከጀመረ ምስክርነት ይመጣል፤ እኔ እቆማለሁ። ፈጣኑን ከጀመረ ልጆቹ ለመዝሙር ተነሥተው መዝለል ይጀምራሉ፤ ሦስት መቶ የሚዘል ልጅ ደግሞ አባባም ቢሆኑ መልሰው ማስቀመጥ አይችሉም።

«ፈጣኑን እጀምራለሁ» አለ።

«ማልልኝ።»

«ምን ያስምለኛል? እናትሽ እናቴ አይደለችም እንዴ?»

እጄን ያዘ። ከላይ ወደ ታች፣ ከመኪናው ጣራ እስከ መሬት፣ እጁ እስኪንጠራራ ያዘኝ። አመንኩት።

እናቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። በሦስተኛው ቀን ከሥራ መጣች፤ የደንብ ልብሷን አላወለቀችም። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ የሕፃናት አግዳሚ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። በረኪና ያነጣቸው እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። አጠገቧ ላለችው ሴት ወደ እኔ ስትጠቁም አየኋት። «ልጄ ናት» ማለቷ ነው። ሌላ ምን ትላለች?

ወደ እሱ አየሁ። እሱ ወደ አጎቱ አየ። አባባ አልተቆጡም፣ አላፈጠጡም፤ አባት ልጁን በሚያይበት ዓይን ብቻ አዩት።

ቀስ ያለውን ጀመረ።

«ስምንት ዓመቴ ነበር» አለ አፌ። ዓመት ሙሉ ያን ዜማ ተከትሎ የኖረ አፍ ነው። ማሳል እችል ነበር። ወድቄ መተኛት እችል ነበር። ማደሪያውን ተናገርኩ፣ በሩን ተናገርኩ፣ «እሑድ ዳቦ ይዤልሽ እመጣለሁ» አልኩ። «ጠበቅኳት» አልኩ።

ዝም።

ልቅሶው ከፊት ተነሥቶ ወንበር በወንበር ወደ ኋላ ሄደ። እሷ ጋ ደረሰ። አባባ ተነሡ፤ «ለዚህች እናት ይቅርታ እንዲደረግላት...» አሉ። እጆች ተነሡ። ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ፣ ከሁሉም ነጥቶ፣ ከኋላ የእናቴ እጅ ተነሣ።

ውጭ አገኘኋት። ግድግዳ ተደግፋለች።

«እማ...»

«እሑድ እሑድ እመጣ ነበር መሰለኝ» አለች። «አልመጣሁም እንዴ?»

«መጥተሻል! ሁሌ መጥተሻል፣ እማ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ልጅ ምን አስለቀሰው?» አሰበች። «ያኔ ትኩሳት ነበረብኝ። ትኩሳት ብዙ ነገር ያሳያል። ሄድኩ ብዬ አልሜው ይሆናል። አይዞሽ፣ ልጄ። አላኮረፍኩሽም። ያልመጣ ሰው ምን አፍ አለው?»

ምን ብላት፣ ምን ብምልላት አልሰማችኝም። ሦስት መቶ ሕፃን መስክሮባታል።

እሱን መጋረጃ ሲያጥፍ አገኘሁት።

«ለምን?»

«አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር የቀረን» አለ። «ነገ ይባርኩን ነበር። ያሳደገኝን ሰው በመጨረሻው ቀን...»

«እናቴ እዚያ ተቀምጣ!»

«አይቻታለሁ።»

«አይተሃት ነው የተጫወትከው?»

«እኔ የተጫወትኩት አኮርዲዮን ነው» አለ። «አፉ ያንቺ ነበር።»

ከመጋረጃው አጠገብ የተቀመጠችውን በግ አንሥቼ ፊቱ ላይ ወረወርኩበት። ሾፌሩ ከመኪናው በር፣ ያለ አንዳች ሳቅ፣ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ተዉ፣ ልጆች፣ ይብቃችሁ» አለ። እሱ በጓን ከመሬት አንሥቶ አራገፋት። ከዚያ አህያውን እጁ ላይ አጠለቀ።

«እሜቴ በግ...»

«አህያውን አውልቅና ተናገር።»

አወለቀው። ቆምኩ፤ ጠበቅኩት። ባዶ እጁን ያይ ነበር።

በማግስቱ ሚኒባሷ ያለ እኔ ሄደች። እዚያው ከተማ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ከእናቴ ጋር በአንድ ቤት እኖራለሁ። እሷ ግን እሑድ እሑድ ማለዳ ትወጣለች፤ ዳቦ ኮቷ ውስጥ ሸጉጣ ትመለሳለች፤ የገዛ በሯን ታንኳኳለች። እስክከፍትላት አትገባም። «መጣሁ!» ትላለች ጮክ ብላ፣ ጎረቤት እንዲሰማ። «ይኸው፣ መጣሁ።» አባባ ይህንን ይዩልኝ። ስለ ይቅርታ የሚሰብኩ አፎች ሁሉ ይዩልኝ።

በሚቀጥለው ዝናብ፣ በአንድ እሑድ፣ እናቴ ዳቦዋን ይዛ ከገባች በኋላ በሩ እንደገና ተንኳኳ። እናቴ በቀዳዳ አየች።

«ያ ሙዚቀኛ ነው። አኮርዲዮን አልያዘም። በስብሷል» አለችኝ። «ምን ልበለው?»

«የለችም በይው።»

«ትመጣለች ወይ ቢለኝስ?»

«እዚያ ጋ ስትደርሺ ዝም በይ» አልኳት።

ወጣች። ከበሩ ጀርባ ሆኜ የገዛ ድምፁን ሰማሁት፤ ያለ አህያ፣ ያለ ዜማ ይናገር ነበር። «እጠብቃታለሁ፣ እማማ» አለ። እናቴ ዝም ብላ ተመልሳ ገባች። እሱ ዝናቡ እስኪያባራ ቆመ። ከዚያ ጫማው በጭቃው ውስጥ ሲርቅ ተሰማኝ።

እዚህ ላይ ባቆመው ታለቅሱልኛላችሁ። ጥበቡን ተምሬዋለሁ፤ የት እንደሚቆም አውቃለሁ። ስለዚህ አላቆመውም። በዚያ ዓመት እውነቱን የነገረኝ አንድ ሰው እሱ ነበር፤ አፉ የኔ ነበር። ያባረርኩት ስለዋሸኝ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን ስለነገረኝም ነው። ዛሬም እወደዋለሁ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ወደ ውስጥ ስመለስ እናቴ ጠረጴዛው ላይ ዳቦውን ቆርሳ አስቀምጣዋለች። ሦስት ቦታ ነበር የቆረሰችው።

«ልጁ ሳይቀምስ ሄደ» አለች።

ሁለቱን በላን። ሦስተኛውን ሁለታችንም አልነካነውም።