ቀትር ላይ የቆመው ፓምፕ

መምህር ጂያን ሆንግዩዋን የተገኙት ከቤታቸው በራፍ በታች፣ ዝናብ ባራሰው የድንጋይ ደረጃ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ነበር። ያገኘቻቸው ልጃቸው ሱቺን ናት። የመንደሩ ፖሊስ «አዳልጧቸው ነው» ብሎ ጉዳዩን ሊዘጋው ሲል፣ ከኪሉንግ ከተማ የተጠራችው ኢንስፔክተር ሹ ዪንግሁዊ ጎንበስ ብላ አስከሬኑን አስተዋለች። ጭንቅላታቸው ወደ ታች፣ እግራቸው ወደ በሩ ነው።

«ደረጃ የሚወርድ ሰው እንዲህ አይወድቅም» አለች። «እኚህ ሰው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆመው ነበር። ከቤት የሚወጣን ሰው መንገድ ዘግተውበታል።»

ውስጥ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነው። ማንም ሰው ሊጽፍበት የሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት «ይህ ጽሑፍ ተሰርዟል» ይላል። ማተሚያው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሁለት ገጽ ማተሙን መዝግቧል። ሁለቱም ገጾች ግን ቤት ውስጥ የሉም።

«ስለ ከሰል ጉድጓዱ ነው የጻፈው» አለች ሱቺን እንባዋን እየጠረገች። «ከሃምሳ ስድስት ዓመት በፊት ውሃ ሞልቶት ሠላሳ አንድ ሰው ያለቀበት። አያቴም እዚያው ቀረ። ባለፈው ሳምንት አባባ አንድ ደብዳቤ አገኘ፤ የኩባንያው ጸሐፊ የነበሩ ሰው፣ እንደዚያ ዘመን ሰው በጃፓንኛ የጻፉት። አንድ ጋዜጣ ‘ዋናውን ደብዳቤ ካየን እናትመዋለን’ ብሎት ነበር። አሁን ደብዳቤውም የለም።»

ጽሑፉን የሰረዘችው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ዮ ፔይሩ ናት፤ ከመዝገበ ዕውቀቱ ጠባቂዎች አንዷ።

«ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን» አለች ዓይኗን ሰብራ። «የታተመ ምንጭ ያምጡ አልኳቸው። ‘የአባቴ ሬሳ ምንጭ አይሆንም ወይ?’ አሉኝ። ምን ልበላቸው? ደንብ ነው። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ሰረዝኩት። ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ ከቤተ መጻሕፍቱ አልወጣሁም።»

«የመጨረሻውን እርማት አንብበሽዋል?»

«አላነበብኩም። የሰጠኋቸው ቀን ደረሰ፣ ሰረዝኩ።»

ጎረቤቱ ዌይ ኪንሻን የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። በራፋቸው ላይ፣ እንደ አገሩ ልማድ ለሙታን ወረቀት በሚያቃጥሉበት ቆርቆሮ ውስጥ አመዱ ገና አልተደፋም።

«ጋሼ፣ ጽሑፉን አይተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? የስልኬን ድምፅ እንኳ መቀነስ የማልችል ሰው! ዓምና እሱ ራሱ አንብቦልኛል፤ በቃ።» ወደ ሟቹ ቤት ዞር ብለው አዩ። «ሙት አይወቀስም። ግን ፓምፑ ቀትር ላይ ቆመ ብሎ መጻፍ ደግ አይደለም፣ ልጄ።»

ሹ የተናገሩትን በማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

በማግስቱ ሦስቱንም በሟቹ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«የተሰረዘ ጽሑፍ የት ይገባል?» ብላ ዮን ጠየቀቻት።

«ከሕዝብ ዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። እኔ ማየት እችላለሁ።»

«እንግዲያው አውጪው።»

ዮ ከፈተችው። አርባ ሦስት እርማት ከነሰዓቱ ተደርድሯል።

«አርባ ሁለቱ ምን ይላሉ?»

«ፓምፑ ንጋት ላይ ተበላሽቶ ቆመ።»

«የመጨረሻውስ?»

ዮ ፊቷ ተለዋወጠ። «‘ቀትር ላይ ቆመ’ ይላል። የገባው ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ነው።»

«ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተሰረዘ» አለች ሹ። «የሰረዘችውም አላነበበችውም። ስለዚህ ‘ቀትር’ የሚለው ቃል የተረፈው በታተመው ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ወረቀቱን ደግሞ የወሰደው ከዚህ ቤት ሲወጣ መምህሩ መንገድ የዘጉበት ሰው ነው። ዓምና የተነበበልዎ ‘ንጋት’ ነው፣ ጋሽ ዌይ። ቀትርን ከየት አመጡት?»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ና አንብብ አለኝ» አሉ በመጨረሻ። «‘ፓምፑ ቀትር ላይ ቆመ፤ ያቆመው የፓምፑ ጠባቂ ዌይ ቲያንፉ ነው።’ የአባቴ ስም! ዕድሜዬን ሁሉ ‘የፓምፑ ልጅ’ እየተባልኩ ስወቀስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለው አልታየኝም። ወረቀቱን ከነተያያዘው ነጥቄ ወጣሁ። ቀድሞኝ ወርዶ ‘ጨርሰው! እባክህ ጨርሰው!’ እያለ ያዘኝ። ገፋሁት።»

«የተያያዘውስ?»

«የጃፓንኛ ጽሑፍ ነው፤ እኔ ምን አውቅልሻለሁ። በቆርቆሮው ውስጥ አብሮ ነደደ።»

ሹ ለዮ ምልክት ሰጠቻት። ዮ ከኮምፒውተሩ ላይ ቀጣዩን አነበበች።

«‘ያቆመው ኩባንያው ኃይል ለመቆጠብ በጻፈለት ትእዛዝ ነው። ሦስት ጊዜ እምቢ ብሏል። ውሃው መሙላት ሲጀምር ሰዎቹን ሊያወጣ ወደ ታች ወረደ። አልተመለሰም።’»

ከዚያ ዌይ ሁለት እጃቸውን ወደ ዮ ዘረጉ።

«መልሺው፣ ልጄ። አንቺ ትችያለሽ አይደል? ሰው ያንብበው። እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

«ጋሼ» አለች ዮ እያለቀሰች፣ «ደብዳቤው ከሌለ ጋዜጣው አያትምም። ካልታተመ እኔ ብመልሰው እንኳ ሌላው ጠባቂ ነገ ይሰርዘዋል።»

ሱቺን ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች። «እርስዎ ጠባቂዎቹን ይዘዟቸዋ! መንግሥት አይደሉም?»

«ይህን ለማዘዝ ሥልጣን የለኝም» አለች ሹ። ካቴናውን አወጣች፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።